ሾሜር ያልኳት ትእዛዝ

ዛሬ ጠዋት በቡድናችን አዲስ የተቀጠረች ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ፣ «ይቺን ትእዛዝ ለምን ሾሜር አላችኋት? ስሟን ልቀይረው?» አለችኝ። ሾሜር በዕብራይስጥ ዘበኛ ማለት ነው። ተይው አልኳትና ሐሳቤ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካና የቢሮ ሰፈር ይህን ሥራ ወደ ጀመርኩበት ጊዜ ሄደ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምንሠራው ሰው በስልኩ የሐኪም ቀጠሮ የሚይዝበትን ፕሮግራም ነው። ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በምንከራየው ኮምፒውተር ላይ፣ ከስልክ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ተቀብሎ ወደሚመለከተው አገልግሎት የሚመራ ጌትዌይ የሚሉት መግቢያ በር ነበረን። አዲስ ሥሪት በወጣ ቁጥር የአገልግሎቶቹ አድራሻ ይቀየራል፤ አዲሱን አንድ በአንድ በእጄ የማስገባው እኔ ነበርኩ። በዚህ ኩራቴ አይጣል ነው፤ ማንንም አላስነካም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አንዱን አድራሻ ዘለልኩት። ጥያቄው ሁሉ ወደ ተዘጋው አሮጌ አገልግሎት እየሄደ፣ ለሁለት ሰዓት ቀጠሮ መያዝ የቻለ ሰው አልነበረም። አለቃዬ ሮኒት አልጮኸችብኝም። ይህ እንዳይደገም የሚያደርግ ነገር የሥራ ሳምንቱ እስከሚጀምርበት እስከ እሑድ ካላመጣሁ፣ የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ እንደምንለያይ ብቻ ነገረችኝ።

አባቴ እዚያው ሰጉላ፣ አንድ የመጋዘንና የቢሮ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ነበሩ። ያን ማታ ወደ ሰፈራችን ወደ አሚሻቭ አብረን በአውቶቡስ ተመለስን። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ በመስኮቱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይገባል። ከምሳቸው ያስተረፉትን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ሳልቀምሰው በእጄ ያዝኩት። የሆነውን ሁሉ አማርኛውን ከዕብራይስጥ እየቀላቀልኩ ነገርኳቸው። ክላውድ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም።

«እኔም ደርሶብኛል» አሉ። «አንድ ሚስራድ ቢሮውን ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ ሲያዛውር የነገረኝ የለም። ቀኑን ሙሉ ሰው ወደ ባዶ ክፍል ስሰድ ዋልኩ።»

ከዚያስ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

«የግቢውን ኃላፊ፣ መናሄሉን፣ አስፈቀድኩ። አዲሱ ክፍል መከፈቱን በዓይኔ አይቼ መዝገቤ ላይ ሳልጽፍ፣ አሮጌው አይዘጋም። በሰደር፣ እሺ? ሰው ይረሳል፣ ልጄ። አንቺም ትረሻለሽ።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ወጋችኝ። ለሮኒት ልላት ያሰብኩት ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ ነበር።

ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ስሙንም ሾሜር አልኩት። አዲስ ሥሪት ሲወጣ አዲሱ አገልግሎት መልስ መስጠቱን ራሱ ያረጋግጣል፣ ጌትዌዩ ላይ አድራሻውን ይቀይራል፣ አሮጌውን የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ ሮኒት አጠገቤ ተቀምጣ ሆን ብላ የተሳሳተ አድራሻ ሰጠችው። ትእዛዙ ቆመ፤ አሮጌው አገልግሎት ግን ሥራውን ቀጠለ። ስሙን አነበበችና ሳቀች፤ እኔም ሥራዬ ላይ ቀረሁ። ያን ቀን ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ያን ያህል የኮራሁበትን ሥራ ከእጄ በማውጣቴ አንድም ቀን አልቆጨኝም። አባቴ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በየሳምንቱ ዓርብ ስደውልላቸው ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ሾሜሩ ነው። ባለፈው ዓርብም፣ ይሠራል አባ፣ አንድ ቀን እንኳ ረስቶ አያውቅም አልኳቸው።

«እንግዲያ እኔም ገና ሥራ ላይ ነኝ» አሉ።