ረቡዕና ዓርብ ግማሽ

ጡረታ ወጥቼ ከጀርመን ስመለስ ሁለት ሻንጣ ነበረኝ። አንደኛው ልብስ ነው፤ የሁለተኛው እኩሌታ መድኃኒት ነበር። ልቤ ውስጥ ከብረት የተሠራ ቫልቭ አለ። በዳቦ ፋብሪካ ማሽን እየጠገንኩ በኖርኩበት ዘመን ማብቂያ ላይ ነው የተገጠመልኝ። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ እስከ ዕለተ ሞቴ ደም የሚያቀጥን ክኒን መዋጥ አለብኝ። ክኒኑ ሲያንስ ደሜ ይረጋል፤ ሲበዛ ደግሞ እደማለሁ። በየጊዜው ደም እየሰጡ መመርመርም ግድ ነው። እዚያ ያከመኝ ሐኪም ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ሰጠኝ። የኢንሹራንስ ቢሮዋ ሴትዮ ደግሞ ካርዴን እያገላበጠች «ይህ እዚያ አይሠራም፤ ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጄ እዚያው ቀረች። እኔ ሲ.ኤም.ሲ ካለው ቤቴ ገባሁ። ለባቡሩ ተብሎ መንገዱ እስከ መገናኛ የተቆፈረበት ዓመት ነበር። በጠዋት ተነስቼ ታክሲ ውስጥ አቧራ ስቅም ቆይቼ ደሜን የምመረመርበት መገናኛ ያለው ክሊኒክ ስደርስ፣ የላቦራቶሪው ልጅ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ፣ ሪኤጀንት፣ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል። ሐሙስ ይሞክሩ» ይለኛል። ሐሙስ ስሄድ መብራት የለም። በአርባ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ሳምንት ይፈጅ ጀመር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የእኅቴ ጎመን ነበር።

እኅቴን እትዬ ነው የምላት። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁለቱ ላይ፣ አባታችን በተወልን ቦታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጓሮዋ ጎመንና ድንች ነው። ከመጣሁ በሳምንቱ አንድ ፌስታል ሙሉ ጎመን ተሸክማ ቤቴ ድረስ መጣች። ሠርታ አቀረበችልኝ። እኔ ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

«ምነው?» አለች።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል። ጎመን የክኒኑን ሥራ ያበላሻል።»

ሳህኑን መልሳ ወደ እኔ አስጠጋችው። «ጎመኔ?» አለች። «አጥንትህ የቆመው በዚህ ጎመን ነው'ኮ!» ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ለሁለት ሳምንት ድምፅዋን አላሰማችኝም።

ያመጣሁት ክኒን ወደ ማለቁ ሲደርስ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። የዚያ ዓይነት አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ልጄ በሰው ትልካለች፤ ነገር ግን መንገደኛ ሁልጊዜ አይገኝም። በመጨረሻ ለክሊኒኩ ዶክተር፣ ለአንዲት ለስላሳ ወጣት፣ የጀርመኑን ወረቀት እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ያን ቀን እትዬ አብራኝ ነበረች። ታርቀን ሳይሆን፣ «ሐኪም ጎመን ከለከለ ያልከውን በጆሮዬ ልስማ» ብላ ነው የመጣችው።

ዶክተሯ ከጨረስኩ በኋላ «ጋሼ፣ እዚህ በሚገኘው እንለውጠው» አለችኝ። «መጠኑን እስክናገኘው ድረስ ግን በየሳምንቱ ይመጣሉ።»

እትዬ አላስጨረሰቻትም። «ጎመንስ የኔ ልጅ? ይበላል አይበላም?»

«ይበላል እማማ። ግን ሁልጊዜ እኩል መጠን መሆን አለበት። አንድ ሳምንት ድስት ሙሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ከሆነ ነው የሚጎዳው።»

እትዬ ዞር ብላ አየችኝ። የከለከለኝ ሐኪሙ ሳይሆን የእኔ ፍርሃት መሆኑን ያኔ ገባኝ፤ ወረቀቱም ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር። «በቀን አንድ ጭልፋ» አለች እኅቴ። በዚያው ተፈረደ።

አምስት ሳምንት ከተመላለስን በኋላ መጠኑ ተገኘ፤ በሳምንት አምስት ቀን ሙሉ ክኒን፣ ሁለት ቀን ግማሽ። ዶክተሯ «የትኞቹን ቀናት ግማሽ እናድርጋቸው?» ብላ ስትጠይቀኝ እትዬ ቀድማኝ መለሰች።

«ረቡዕና ዓርብ ይሁንለት። በጾም ቀን ግማሽ፣ በፍስክ ሙሉ።»

ዶክተሯ ሳቀች። «ከዚህ የተሻለ አላገኝም፤ አይረሱትም» ብላ የክሊኒክ ካርዴ ላይ ጻፈችው።

እውነትም አልረሳሁትም። ሁዳዴንም በዚያው ሥርዓት ተሻገርኩት፤ የምርመራው ውጤትም ደህና ነበር። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ግን ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ፈነዳና ወለሉ ሊነሳ ሆነ። እትዬ ያለ ክርክር ወደ እንጦጦ ወሰደችኝ።

እነዚያን ቀናት ሳስባቸው አሁንም ደስ ይለኛል። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሷ ግን ጠዋት ስወጣ «ጋቢ ደርብ፣ ብርድ ነው» ትላለች፤ ደርቤ እወጣለሁ። ማታ ራት ስጨርስ ክኒኔን ከነውኃው ታመጣለች። ብልቃጡን ራሷ ዘንድ አስቀምጣው ነበር፤ ግማሽ ሲያስፈልግም በምላጭ የምትቆርጠው እሷ ናት። እጄን እዘረጋለሁ፣ እውጣለሁ። ምን እንደሰጠችኝ አይቼ አላውቅም። ባዕድ አገር ሠላሳ ዓመት ራሴን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ጥበቃውን ለሰው አስረክቤ ማረፌ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነሰረኝ። አፍንጫዬን ይዤ ቀና ብል ጎንበስ ብል አልቆም አለ። ጎረቤት በመኪናው መገናኛ አደረሰን። እትዬ መንገዱን በሙሉ አንዴ ኪዳነ ምሕረትን አንዴ ሹፌሩን ስትለምን ነበር።

ዶክተሯ አፍንጫዬን በጥጥ ጠቅጥቃ ደሙን ካስቆመች በኋላ፣ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ፊቷ ተለወጠ። «ደምዎ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል። አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል?»

«የለም።»

«የምግብ ለውጥስ?»

«ፋሲካ ነው'ኮ» አለች እትዬ። «ዶሮ በላ፣ እንቁላል በላ። በፋሲካ ማን ጎመን ይቀቅላል?»

«እሺ፤ ጎመኑ ቀርቷል። ክኒኑስ? ረቡዕና ዓርብ ግማሽ ነው የሚወስዱት?»

እኔ አዎ ልል አፌን ስከፍት እትዬ «ሙሉ ነው እንጂ» አለች። «ሃምሳው አይደል እንዴ? እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። በጾም ቀን ግማሽ ነው የተባለው፤ ጾም ከሌለ ሙሉ ሰጠሁት።»

ዶክተሯ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ጣሪያው። ከዚያ አፍንጫዬ በጥጥ እንደተወተፈ ሳቅ አመለጠኝ። ዶክተሯም አልቻለችም። እትዬ ብቻ አልሳቀችም። ነገሩ ሲገባት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«በገዛ እጄ» አለች። «በገዛ እጄ ልገድለው ነበር።»

«እትዬ፣ የሰጠሽኝን ሳላይ የዋጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት። እጇን ያዝኩት። ድንጋጤዋን ያየችው ዶክተር «እማማ፣ እስቲ እርስዎም ይለኩ» ብላ የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠመች። ለካች፤ ደግማ ለካች። ግፊቷ በጣም ከፍተኛ ነበር።

«የድንጋጤ ነው» አለች እትዬ።

«ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ከጋሼ ጋር ይምጡና እናያለን።»

የድንጋጤ አልነበረም። በሳምንቱም፣ ከዚያ በኋላም ያው ሆነ። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ለራሷ ጉዳይ ገብታ የማታውቅ ሴት በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ታዘዘላት። የእኔም ትእዛዝ ተስተካከለ። ዶክተሯ ካርዴ ላይ አዲስ መስመር ስትጽፍ እትዬ ከጎን ሆና «ለአንተ ሃምሳ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለህ» አለችኝ።

ልጄ ነገሩን ስትሰማ በስልክ አለቀሰች። «አባዬ፣ ተመለስ። እዚህ ሁሉ ነገር አለልህ» አለችኝ። ለጥቂት ቀናት የምሬን አሰብኩበት። የማያልቅ ሪኤጀንት፣ የማይጠፋ መብራት፣ በቀጠሮው ሰዓት የሚጠራ ስም አለ እዚያ። ቀላል ነገር አይደለም። በመጨረሻ በዓመት አንዴ እየሄድኩ ልቤን ለማሳየት ተስማማን። ሌላውን ጊዜ እዚሁ ለመሆን ወሰንኩ። ምክንያቱን ልጄ ስትጠይቀኝ «አክስትሽ ክኒኗን አቋርጣለች» አልኳት። እውነቴን ነበር።

አንድ ወር ወስዳ ትታው ነበር። «ድኛለሁ» አለችኝ ስጠይቃት። «የዳነ ሰው መድኃኒት ይውጣል?»

«እኔስ ይኸው እውጣለሁ አይደል?»

«አንተማ ብረት አለብህ።»

ከእትዬ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ፣ ወለሉ ተሠርቶ ወደ ቤቴ ተመልሼ ስለነበር፣ ሞባይል ገዛሁላትና በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መደወል ጀመርኩ። «ዋጥሽ?» እላለሁ። «ዋጥኩ። አንተስ ትናንት ማታ ዋጥክ? ጭልፋዋንስ በላህ?» ትላለች። መጀመሪያ ተሰላችታ ነበር፤ ኋላ ለሁለት ደቂቃ ከዘገየሁ ራሷ ትደውላለች።

አንድ ቀን ጠዋት አላነሳችም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ቁርሴን ትቼ ኮንትራት ታክሲ ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቷ «ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዛሬ አሥራ ስድስት አይደል?» አለችኝ። እየሮጥኩ፣ ብረቱ ደረቴ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል እየሰማሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባሁ። ከሴቶቹ መሐል ግንቡ ሥር ተቀምጣለች።

«እትዬ! ስልክሽ የት አለ?»

«ቤት ነዋ። እግዚአብሔር ፊት በስልክ ይመጣል እንዴ?» ቀና ብላ አየችኝና ደነገጠች። «እንዴት ነው የምታለከልከው? በዚህ ልብህ ዳገት ትሮጣለህ?»

«ክኒንሽ እትዬ። ዋጥሽ ወይ?»

መልስ ሳትሰጠኝ የነጠላዋን ጫፍ ሳበች። ቋጥራዋለች። በጥርሷ ፈታችው፤ ክኒኗ ነበረች፣ ነጭ ትንሽ። «ቅዳሴው እስኪያልቅ ስጠብቅ ነበር፤ ይኸው አለቀ» አለች። አጠገቧ ያለችውን ሴት ጠበል አስቀዳችና ጎንጨት ብላ ዋጠቻት። ከዚያ ጽዋውን ወደ እኔ ዘረጋች።

«በል ጠጣ፤ መቼም ቁርስም አልበላህም» አለችኝ።