በማስመሪያ የተሰረዘው ቃሌ

ፖሊሶች የያዙኝ ለቀዶ ሕክምና የተቀጠርኩበት ቀን ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ አሶሳ መሃል ከባጃጅ አውርደው ነው። የታሰርኩበት ክፍል የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ባልዲና አንዲት ሴት ነበሩት። ሴትየዋ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ የበርታ ተወላጅ ናት። በደም የራሰውን ቀሚሴን አየችና፣ ከተጠቀለለችበት ረጅም ጨርቅ፣ ከቶቧ፣ ጫፉን ቀድዳ ሰጠችኝ።

«ደም ስንት ቀን ነው?» አለች።

«ሃያ።»

«ወላሂ፣ ይሄ ብዙ ነው።»

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማረጥ ተቃርቧል፤ ማህፀኔ ውስጥ ግን ማዮማ የሚባለው እጢ አድጓል። ሐኪሜ አማራጮቹን አስረድቶኛል፦ እጢውን ብቻ ማውጣት፣ ማህፀኑን ማውጣት፣ ወይም በግራና በቀኝ ሆነው እንቁላልና ሆርሞን የሚያመነጩትን እንቁልጢዎችም አብሮ ማውጣት። ሁለተኛውን መርጬ ነበር። እንቁልጢዎቼ ጤነኞች ናቸው፤ ቢወጡ ማረጥ በአንድ ቀን ይመጣብኛል።

ቀጠሮው አለፈ። በታሰርኩ በስድስተኛው ቀን ራሴን ስቼ ወደቅኩ፤ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ጉዳዬን የያዘው መርማሪ ፖሊስ የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ቅጽ ይዞ መጣ። ማህፀኗ ለሚወጣ ሴት ባሏ ይፈርምላታል፤ ሕጉ አይጠይቅም፣ ልማዱ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕግ አስተማሪ ነኝ፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። ባሌ ሞቷል።

«እኔ እፈርምልሻለሁ፣ ዶክተር» አለ። «እዚህ ቤተሰብሽ እኛ ነን።»

ቅጹ «ማህፀንና ሁለቱም እንቁልጢዎች» ተብሎ ተሞልቷል። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም አንዴ ከወጣ ለክትትል መመላለስ እንደማይኖር ነገረኝ።

«ደግሞስ በዚህ ዕድሜሽ ለማን ታስቀምጪዋለሽ?»

ቅጹን ተቀብዬ፣ «እንቁልጢዎቼ እንዲነኩ አልፈቀድኩም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሳልኳቸው።

«የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል» አለ፤ ከሥሩ ፈረመ።

ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ፤ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አየ፤ እኔን አላየኝም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ እስር ክፍሉ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ከደረቴ የተነሳ እሳት ፊቴን ለበለበው። በአሶሳ ሙቀት እንዳላሳብብ ዝናብ እየጣለ ነበር። ሴትየዋ በቀረው የቶቧ ጫፍ ስታራግብልኝ ቆየች።

«እኔም እንደዚህ ነበር» አለች፤ «ግን ቀስ ብሎ መጣ።»

ከስፌቱ ግራና ቀኝ ሆዴን ዳሰስኩ።

የቅጹን ቅጂ ያገኘሁት ከተፈታሁ በኋላ፣ በብዙ ምልልስ ነው። «የቤተሰብ ፊርማ» በሚለው ቦታ የመርማሪው ፊርማ አለ። እኔ የጻፍኩት በማስመሪያ ተሰርዟል፤ ቀጥ ያለ፣ ጥንቃቄ ያልጎደለው መስመር ነው። ሙቀቱ ሲነሳብኝ አወጣውና አየዋለሁ። ከመስመሩ ሥር እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል።