በወፏ ደረት ላይ የተለጠፈው ቀይ ስንዴ

መምህርት የሺሃረግ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ባለች መንደር ሕፃናት ታስተምራለች። ወረቀትና ቀለም ተልኮላት ስለማያውቅ ከጭቃ ከብትና ወፍ፣ ከሣር አምባር፣ ከባሕር ዛፍ ፍሬ ዶቃ ታሠራቸዋለች። የትምህርት ቤቱ ምገባ ከተቋረጠ ወዲህ ሕፃናቱ የሚመጡት በባዶ ሆዳቸው ነው። ምገባውን ያቋረጡት የወረዳው ኃላፊዎች ይህን ያውቃሉ። የሕፃናቱ የእጅ ሥራ ለእንግዶች እንዲታይ የወሰኑትም እነርሱው ናቸው።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ አድማሴ የጭቃ ወፎቹን አይተው «እህል ይለጠፍባቸው» አሉ።

«ልጆቹ ይበሉታል፣ አቶ አድማሴ» አለች የሺሃረግ።

«እንግዲያው ቶሎ ለጥፉታ።» ሳቁ።

እናቶች እፍኝ እፍኝ እህል እንዲያመጡ ታዘዙ። ሰብሌ የሚበላ አልነበራትም፤ የቀራት ነቀዝ እንዳይደፍረው በመድኃኒት የታሸ ቀይ የዘር ስንዴ ብቻ ነው። «ይኸን ማንም አይነካው። ልጄ ደርበው እንኳ መርዝ መሆኑን ያውቃል» ብላ ሰጠች። የምትችለው ጥንቃቄ ይህ ነበር።

የሺሃረግ ለይታ መስኮቱ ላይ አኖረችው። «መርዝ ነው» ብትላቸውም አድማሴ አውርደው በወፎቹ ደረት ደረደሩት።

«ከቀዩ የሚያምር የለም። ልጆቹን እኔ አያለሁ፤ አንቺ ግቢውን አስጠርጊ።»

እንግዶቹ ዘገዩ። አድማሴ ሊቀበሏቸው ወደ መንገድ ወጡ፤ ለማንም አልተናገሩም። የሺሃረግ ስትመለስ የብዙዎቹ ወፎች ደረት ባዶ፣ የደርበው ከንፈር ብቻ ቀይ ነበር።

«ዘሩን በላህ?»

«ዘሩን አልበላሁም፣ ቲቸር። ወፏን ነው የበላሁ።»

አዝላው ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች፤ ሰብሌ ተከተለቻት። ልጁ በመንገድ አስመለሰው፤ ሲደርሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነርሷ «መድኃኒቱ ምንድን ነው? ስሙ ከረጢቱ ላይ ይኖራል» አለች። ከረጢቱ ሰብሌ ቤት ነው። የሺሃረግ ለአድማሴ ደወለች።

«ወደ ሰብሌ ቤት ሰው ይላኩልኝ፤ የመድኃኒቱን ስም ከከረጢቱ ላይ ያንብብልኝ።»

«እንግዶች ፊት ነኝ፤ ቆይቼ እደውላለሁ።»

ደግማ ስትደውል ስልካቸው ተዘግቷል። ሰብሌ ነጠላዋን አደግድጋ ዳገቱን ተያያዘችው።

ነርሷ እጇ ላይ ያለውን ሁሉ ሞከረች። ደርበው እናቱን ጠራ፤ ከዚያ መጥራቱን ተወ። ነርሷ ዓይኖቹን ከደነችለት።

ሰብሌ ከረጢቱን ታቅፋ ስትደርስ የሺሃረግ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰብሌ ማንበብ አትችልም።

«እንቺ እትዬ፣ አንብቢላቸው» አለቻት።

የሺሃረግ ተቀብላ አነበበች።