ክሬን የሚበቅልበት ጓሮ

ከከሚሴ የወጣሁት ፈጅር ሰግጄ፣ ገና ሰማዩ ሳይገልጥ ነው። ሌሊቱን እኔም ዘሃራም አልተኛንም፤ ሁለታችንም የተኛን መስለን ጀርባ ለጀርባ ተጋድመን አነጋነው። ከተጋባን ስምንት ወራችን ነበር። ሻንጣ የያዘ ሰው ወዴት ነው መባሉ አይቀርምና ሁለት ሸሚዝ በፌስታል ቋጠርኩ። እስከ አስፋልቱ ልሸኝህ ብትለኝ እምቢ አልኳት። በሩ ላይ ቆማ «ነጋን ገሊ» አለችኝ፤ በሰላም ግባ ማለቷ ነው፣ ልክ ሰንበቴ ገበያ ደርሶ ማታ እንደሚመለስ ሰው። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ዞር ስል በሩን ገና አልዘጋችውም።

ለምን ወጣህ ለምትሉኝ፣ እኔ ጨፋ ላይ የቦርከናን ወንዝ ጠልፌ ሽንኩርትና ቲማቲም የማመርት ሰው ነበርኩ። በዚያ በክፉው ጊዜ ከማሳዬ ስመለስ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙኝና «አንተ የማን ነህ?» አሉኝ። እናቴ በኦሮምኛ፣ አባቴ በአማርኛ እያወሩ ነው ያሳደጉኝ፤ እንደ ብዙዎቻችሁ። መልሱ ቶሎ ስላልመጣልኝ ክንዴን ሰበሩት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌሎች መጥተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

የመተማን፣ የሱዳንን፣ የሊቢያን ነገር አላወራችሁም። የሄደ ያውቀዋል፤ ላልሄደ ደግሞ አላህ አያሳየው። ባሕሩን የተሻገርነው ውኃ ሰውነታችን ላይ ደርቆ ጨው ሆኖ ነው፤ ይኼ ይበቃል።

ጀርመን ስደርስ መጀመሪያ ያስቀመጡኝ ፊት ለፊቱ ኮምፒውተር ከተደቀነ ሹም ዘንድ ነው። አስተርጓሚው አማርኛው የሬዲዮ ዜና የሚመስል የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«ከየት ነዎት?»

«ከከሚሴ። አማራ ክልል፣ ኦሮሚያ ዞን።»

ሹሙ ጣቱን ከኮምፒውተሩ አነሳ። «ከአማራ ነው ከኦሮሚያ?»

«አማራ ውስጥ ያለ ኦሮሚያ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሁለቱንም መሆን አይቻልም። እዚህ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚሞላው። ይምረጡ።»

ወላሂ ሳቄ መጣ። ይኼንን ጥያቄ ሸሽቼ በረሃና ባሕር ተሻግሬ፣ ጥያቄው ቀድሞኝ ደርሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከዓመት በኋላ የመጣው ወረቀት «የሚያቀርቡት ታሪክ ግልጽነት ይጎድለዋል» ይላል። ዱልዱንግ የሚሉትን ሰጡኝ። ዱልዱንግ ኑር ማለት አይደለም፤ እስክናባርርህ ድረስ ዝም ብለንሃል ማለት ነው።

ከስደተኞቹ ካምፕ ወጥቼ ቤት ስፈልግ ያገኘኋት ፍራው ሁበርን ነው፤ ፍራው በነሱ ወይዘሮ ማለት ነው። ሰማንያ ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ናት። በሩ ላይ አቁማ መረመረችኝ።

«ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«የሚሸት ምግብ ትሠራለህ?»

በርበሬዬን አሰብኩና «ትንሽ» አልኳት።

«መልካም። ጓሮዬ ውስጥ ክሬን አለ፤ እኔ ከእንግዲህ ማጎንበስ አልችልም። አንተ ትንከባከበዋለህ።»

እኔ ደግሞ ክሬን ስትል ያ ሕንፃ ላይ ብረት የሚያነሳው መሰለኝና ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ለካ ሥር ነው! በሌላው የአገራቸው ክፍል ሜርሬቲሽ ይሉታል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ቅጠሉ ረጅምና ሰፊ ነው፣ ሥሩ እንደ ነጭ ካሮት። ሳይነኩት ምንም አይሸትም። ሲፈቀፈቅ ግን ሰናፍጭ አጠገቡ አይደርስም፤ በአፍንጫ ገብቶ አናት ላይ ይወጣል። የሚሸት ምግብ ትሠራለህ ብላ የጠየቀችኝ ሴት እሷ ክሬን ስትፈቀፍቅ እኔ መስኮት ከፍቼ ውጭ ነበር የምቆመው! ኮምጣጤ ጨምራበት ከተቀቀለ የበሬ ሥጋ ጋር ትበላዋለች። እኔ ሐላል ስለማላገኝ በዓሣ በላሁት። ከዚያ ሁሉ ጨውና ቅቤ ብቻ ከሆነ ምግባቸው መሃል አፌን ያነቃው እሱ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ፀደይ ቁርጥራጭ ሥሩን ገልብጬ ተከልኩት። በምርኩዟ ጓሮው ጫፍ ላይ ቆማ ጮኸችብኝ። «ወፍራሙ ወደ ላይ! ገበሬ ነኝ አላልክም?»

«የሽንኩርት ገበሬ ነኝ።»

«ይኼ ሽንኩርት አይደለም። አጋድመው።»

በበጋው አጋማሽ ደግሞ አፈሩን ገለጥ አድርጌ ዋናው ሥር እንዲወፍር ጥቃቅኖቹን እየጠረግሁ መልሼ እንድቀብረው አሳየችኝ። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ የጨፋን ይመስላል፤ ጠረኑ ግን የለም። የዐስር ሶላት ስሰግድ ወሬዋን አቁማ ትጠብቀኛለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

የቅጠሉን ፎቶ ለዘሃራ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ቱልት ነው እንዴ? ይኼን ነው ጀርመን ድረስ ሄደህ የምትኮተኩተው?»

«ቱልት አይደለም፣ ይበላል።»

«ቱልትም ሥሩ ለቁርጠት ይሆናል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «እኔስ መቼ ነው የማየው?»

«ኢንሻአላህ በቅርቡ። አብሽሪ።»

አብሽሪ እያልኳት አምስት ዓመት ሞላ።

ፍራው ሁበር ይኼን ስነግራት ኮቷን ለብሳ የውጭ ዜጎች ቢሮ ድረስ ይዛኝ ሄደች። ሠራተኛዋ ወጣት ሴት ነች፤ ወረቀቴን አገላብጣ አየችው።

«ሙያ አለው?» አለች።

«ክሬን ያመርታል» አለች ፍራው ሁበር።

«እሱ ዝርዝራችን ውስጥ የለም።»

«ልጄ፣ አንቺ ክሬን ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«ማን የተከለውን?»

«የሱፐርማርኬቱን» አለች ሠራተኛዋ፣ ሳትስቅ። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «ሚስትዎን ለማምጣት መኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። እርስዎ ያለዎት መባረርዎ የዘገየበት ወረቀት ነው። ተባራሪ ሰው ቤተሰብ አይጠራም።» ክፋት አልነበረባትም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግረኝ ነበር የነገረችኝ። ቤት ስንደርስ ፍራው ሁበር «ይቅርታ» አለችኝ፣ ሕጉን እሷ የጻፈችው ይመስል።

በዚያው መኸር ደረጃው ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰብሮ ወደ አረጋውያን ቤት ወሰዷት። ስጠይቃት አንዳንዴ ታውቀኛለች፣ አንዳንዴ የባሏ ወንድም እመስላታለሁ። ልጇ ከሌላ ከተማ መጣና ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። ጓሮውን አየት አድርጎ፣ «እዚህ ላይ መኪና ማቆሚያ ይሆናል» አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ።

ያም ሆኖ ክሬኑን አወጣሁት። የመጀመሪያው አመዳይ ቅጠሉን ካጠወለገው በኋላ ነው የሚወጣው። መሬቱ ላይ ተንበርክኬ እየቆፈርኩ ሳለ ዘሃራ ደወለች። ቪዲዮ አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ።

«ሰይድ፣ ተቀምጠሃል?»

«ተቀምጫለሁ።»

«ሸኹ ቤት ነኝ። ወንድሜም እዚህ አለ።»

አካፋውን ለቀቅሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ሠላሳ አራት ሆንኩ። ልጅ እፈልጋለሁ። ጠልቼህ እንዳይመስልህ፣ ወላሂ አልጠላሁህም። አንተም እመጣለሁ ብለህ አትመጣም፤ እኔንም እንድትወስደኝ ፈቃድ አይሰጡህም። ሸኹ ደግሞ ፍቺውን እሱ በአፉ ቢልሽ ይሻላል አሉኝ።»

«ትንሽ ብትታገሺኝ...» አልኩ።

«ስንት?»

በኪሴ ያለው ወረቀት የሦስት ወር ነው። የምተኛበት ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ወንድሟ ስልኩን ተቀብሎ «ሰይድ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ» አለኝ፤ እንደዚያ ሲል ማልቀስ ጀመርኩ። ስልኩ ተመልሶ እጇ ሲገባ ቃሉን አልኩት። ፈትቼሻለሁ አልኩ። ሸኹ ከሩቅ ዱዓ ሲያደርጉ ይሰማኛል።

ከዚያ ማናችንም ስልኩን አልዘጋንም።

«ብርድ ነው እዚያ?» አለችኝ።

«ብርድ ነው።»

«ልበስ እንግዲህ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ነገር ልትል ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ፤ መስመሩ ያኔ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ አልገባም። ብዙ ጊዜ ደወልኩ።