ሩብ ላይ የጎደለው በርሜል

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በጃንሆይ ጊዜ፣ መቱ ላይ፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ ነጋዴ የቡና መፈልፈያ የናፍጣ ኃላፊ ነበርኩ። ናፍጣው የሚቀመጠው ሃያ በርሜል በሚይዝ፣ እንደ ግንድ በተጋደመ ድቡልቡል ታንከር ነው። የምንለካው ደግሞ እኩል እኩል ምልክት በተደረገበት ዘንግ ነበር።

የዚያን ቀን ዘንጉ ሩብ አሳየ፤ አምስት በርሜል ማለት ነው። ታንከሩ ሊታጠብ ሲቀዳ ግን አራት ብቻ ወጣ።

«አንዱስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ደበላ።

«ጋሼ፣ የተጋደመ ታንከር ከታችም ከላይም ጠባብ፣ መሐሉ ሰፊ ነው። ቁመቱ ሩብ ሲደርስ ናፍጣው ሩብ አይሞላም» ብዬ መሬት ላይ ክብ ሣልኩላቸው።

ክቡን ዞረው ዞረው አዩት። «ልጄ፣ ዘንጉ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ መዋሸት ከየት ይማራል?» አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሌባ ተብዬ ተባረርኩ።

በቦታዬ የራሳቸውን አማች ቀጠሩ። በኅዳር ታንከሩ ሊበየድ ሲቀዳ ዘንጉ ሦስት አራተኛ ያሳይ ነበር። በአሥራ አምስት ፈንታ አሥራ ስድስት በርሜል ወጣ። አማችየው ለታማኝነቱ ካፖርት ተሸለመ!

የእኔ ጉድለት ስርቆት ከሆነ የእሱ ትርፍ ከየት መጣ? ጋሼ ደበላ፣ በሕይወት ካሉ ይመልሱልኝ።