«በዓይንህ አይተሃል?» የሚሉኝ አያቴ

ቱላ ውስጥ እንደኔ ባጃጅ የሚነዳም ወሬ የሚያውቅም የለም። አያቴ ግን ምንም ባወራ «በዓይንህ አይተሃል?» ይሉኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ድምፅዋ ሲዘጋና ትንፋሽ ሲያጥራት፣ እንደ እኔ ነኝ ያለ ሐኪም «እንጥሏ ነው፤ እናስቆርጣት!» ብዬ ፈረድኩ።

«ጉሮሮዋ ውስጥ ገብተህ አይተሃል? ባጃጅህን አስነሳ!» አሉኝ።

ሆስፒታል ጉሮሮዋን በካሜራ ሲያዩት፣ ቫይረስ ያመጣው እንደ ኪንታሮት ያለ እባጭ በቅሎ የአየር ቧንቧዋን ሊዘጋው ነው። አወጡላት። ተመልሶ ስለሚበቅል ስንቴ ተመላለስን፤ ሁሌም አያቴ ከኋላ አቅፈዋት። አሁን ስንት ሰው ባሳፍር ያ ቦታ ባዶ ይመስለኛል። ብዋሽም የሚጠይቀኝ የለም፤ አይጥምም።

ባለፈው ምርመራ ምንም አልበቀለም። አያቴ ሞተው ለቅሷቸው ላይ ልጅቷ ጮኻ አለቀሰች። ጎረቤቶች «ዝም በይ እንጂ!» ሲሏት እህቴ፣ «ተዉአት! ድምፅ ወጣላት እኮ፤ ትጩህ!» አለች።