ቀንበር ሥር የሞተ ካርድ

ባለቤቴ የአምባሰል ልጅ ናት። ውሃ በእንስራ ታዝሎ ገደል ከሚወጣበት አገር ነው ያመጣኋት። ሙሽራ ሆና በበቅሎ ስትወርድ ሐይቁን ከጋራው ጫፍ አየችና «ይኼ ሁሉ ውሃ የማነው?» አለች። ሚዜዎቼ ሳቁባት። እኔ «የኛ ነው» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ያን ጊዜ የኛ ነበር።

አሁን ግማሽ ጎኗ አይታዘዛትም። አንድ ጧት ለሱብሒ ሶላት ልትነሣ ስትል ወደቀች። ደሴ ወስደን አሳከምናት። ምላሷ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን እንደወደቁ ቀሩ። ምላሷማ እንዲያውም ተስሎ ነው የተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፦ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር። ነገሩ ቀላል ይመስላል። በኛ በኩል ያለው ዳር ግን ደንገልና ጭቃ ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። እሷን አዝዬ እንዳልወርድ እኔም አርጅቻለሁ። ደኅናው ዳር አንድ ባለሀብት አጥሮ መዝናኛ ያደረገው ነው። ዥዋዥዌ ሰቅሏል፣ ሸርተቴ አቁሟል፣ ጀልባ አስገብቷል፤ በር ላይ ደግሞ ከሲሚንቶ የተሠራ ዝሆን አለ፣ ቀለም የተቀባ። ለሐይቅ ሰው ዝሆን ምን እንደሚያደርግለት እንጃ። ብቻ እስከ ውሃው አፍ ድረስ የሚወርድ የሲሚንቶ መንገድ ሠርቷል። ባጃጅ ይገባበታል።

ዐረብ አገር ያለችው ልጃችን ይኼን ስትሰማ የዓመት መግቢያ ካርድ አወጣችልን። አንድ ካርድ ነው፤ የኔና የእናቷ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል፣ የኔ ስልክም ከሥሩ አለ። ፎቶው ላይ ዳኛ ፊት የቀረብን ነው የምንመስል። በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት ስመለስ ባጃጅ እጠራለሁ፤ ውሃው አፍ ድረስ ያደርሰናል። ጫማዋን አወልቅላታለሁ፤ ሁለቱንም እግሯን ውሃው ውስጥ አደርጋቸዋለሁ። በየብስ ብትቆነጠጥ የማታውቀው ያ ቀኙ እግር እዚያ ሲገባ «ይሰማኛል» ትላለች። ሐኪሙ ሊሰማት አይችልም ብሎኛል። ሐኪሙ ያያት አንድ ቀን ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ተሰማኝ ካለች ተሰምቷታል።

ጎረቤቴ የቅሬያችን ዳኛ ነው። ቅሬን ለማያውቅ ሰው፦ ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ሲደግስ ድንኳንና ድስት የሚያውሰው ያገር ማኅበር ነው። እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው ያለ። ይኼ ጎረቤቴ ከሳዑዲ የተመለሰ ወንድ ልጅ አለው። ሊድረው ነውና የልጅቱ ወላጆች ከባቲ ሊጠይቁት መጡ። አንድ ሐሙስ ማታ እኔ ቤት ገባ።

«ያቺን ካርድህን ለቅዳሜ አውሰኝ» አለኝ። «አማቶቼን ሐይቅ ላንሸራሽር።»

በር ላይ ከፍሎ መግባት አያቅተውም ነበር። «የዓመት ካርድ አለኝ» ብሎ አማቶቹ ፊት መጎረር ነው የፈለገው። ይኼን አውቄያለሁ። ግን እኛ እንዲያ አይደለም የኖርነው። ያባቴ ቀንበር ያላረሰበት ማሳ የለም። አህያዬ ከኔ ቤት ይልቅ በሰው ቤት ያደረችበት ሌሊት ይበዛል። ጎረቤት ለምኖ የለም የሚባል ዕቃ አላውቅም፤ ካርዱንም ከዕቃ ለይቼ አላየሁትም።

ባለቤቴ ከተኛችበት፣ «የኔ ፎቶ አለበት እኮ» አለች።

«አንቺዬ፣ ለነዚህ የከተማ ልጆች ሻሽ ያሰረች ሁሉ አንድ ናት» አላት። «ጢሙ የሸበተም ሁሉ አንድ ነው። ባልሽን ከኔ የሚለየው ቢኖር ግትርነቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ፎቶ አያነሣውም።»

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ሰጠሁት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደጄ ላይ ተቀምጬ የበግ ገመድ እገምዳለሁ። ስልኬ ጮኸ። የሴት ልጅ ድምፅ ነው።

«አባባ፣ ከመዝናኛው ነው። ካርድዎ ላይ ባለው ስልክ ነው የደወልኩት። የባለቤትዎ ሻሽ ጀልባው ላይ ቀርቷል፤ ሲወጡ በር ላይ ይጠይቁን።»

«የማን ሻሽ?»

«የባለቤትዎ።»

«ባለቤቴ ሻሽዋን እንዳሰረች እፊቴ ተቀምጣለች። ጀልባ ላይ ብትወጣልኝማ በግ አርድ ነበር።»

ባለቤቴ በደኅናው እጇ «ዝጋው! ዝጋው!» ትለኛለች። እኔ ምኑ እንደሚዘጋ እንኳ አልገባኝም።

«ታዲያ ካርድዎን ይዞ የገባው ማነው?» አለች ልጅቱ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዘጋሁት፤ ግን ቃሌ ወጥቷል። ጎረቤቴ ሊወጣ በር ላይ ሲደርስ «ካርዱን ያሳዩን» አሉት። ሰጣቸው። «ይኼ እርስዎ ነዎት?» ሲሉት «ወንድሜ ነው፣ መጣሁ» ብሎ አማቶቹን እየነዳ ወጣ። ሻሹንም ካርዱንም ትቶ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችው ያችው የደወለችልኝ ልጅ ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ወንበር ሰጠችኝ።

«አባባ፣ ከካርዱ ጀርባ ያለውን አላነበቡትም?»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ዛፍ ሥር። ያኔ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉልን ፊደል ጥጃ ያክላል። ካርዱ ጀርባ ያለው ቅጫም ነው የሚያክለው። ይኼንኑ ነገርኳት።

«ካርዱን ለሌላ ሰው የሰጠ ለዓመት ይታገዳል ነው የሚለው» አለች። «ከፍለውም ቢሆን መግባት አይችሉም። እርስዎም ባለቤትዎም።»

«ባለቤቴ ምን አደረገች?»

«ካርዱ የጋራ ነው።»

«ኒካህ ስናስር እንኳ እንዲህ አጥብቀው አላሰሩንም።»

ፈገግ አለች። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልርዳዎት» አለችኝ። «ይዞት የገባውን ሰው ስም ይንገሩኝ። ሳያስፈቅድ ወሰደብኝ ይበሉ። እገዳውን ወደሱ አዞረዋለሁ። እርስዎ በመጪው ጁምዓ ባለቤትዎን ይዘው ይገባሉ።»

«አስፈቅዶኛል።»

«እሱን አይበሉኝ። ስሙን ብቻ።»

«በጄ የሰጠሁትን ሰው ሌባ ልበለው?»

«ሌላ መንገድ የለኝም አባባ» አለች።

ተነሥቼ ወጣሁ። ነገሩ ገና ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ራሱ ሄዶ «እኔ ነኝ፣ አጠፋሁ» ቢል እኮ ያልቃል። ቤቱ ሄጄ ይኼንኑ ነገርኩት።

«አብሽር፣ ይበርዳል» አለኝ።

«የሚበርደው ምኑ ነው? ሂድና እኔ ነኝ በል።»

«የቅሬ ዳኛ ሆኜ በረኛ ፊት ልቁም? አማቶቼስ ቢሰሙ? ልጄ ሳያገባ ይቅር?»

«የኔዋስ?»

«ያንተዋ ውሃ ነው የቀረባት» አለኝ። «ውሃ ደግሞ ቤትሽ ድረስ በቧንቧ መጥቶልሻል በላት።»

ይኼን ቃል አልረሳውም።

ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ከሰስኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ተከሳሽ ነውና ከመቀመጫው ተነሣ፤ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ተተካበት። የኛ የውሰት ሕግ እንዲህ ነው፦ የተዋስከው በሬ እያረሰ ቀንበር ሥር ከሞተ፣ አልደበደብኩትም፣ አላስራብኩትም ብለህ ትምላለህ፤ ከዚያ ዕዳ የለብህም፤ የአላህ ሥራ ነው። ድስት ከሆነና ከሰበርከው ግን ትተካለህ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ይኼን ነው፦ ካርዱ በሬ ነው ወይስ ድስት?

«ሣር አይበላ፣ ምኑ በሬ ነው!» አለ አንዱ።

«እሳት አይጣድ፣ ምኑ ድስት ነው!» አለ ሌላው።

«ድሮስ ሐይቅ በካርድ የሚወርድ ሰው!» አለኝ ሦስተኛው። «አንተው ነህ ያጠፋህ!»

ሰው ተንከተከተ። ጎረቤቴ እጁን ዘረጋ። «ወሏሂ አላጠፍኩትም፣ አላራስኩትም፣ አልጣልኩትም። ጥፋት ሳላደርግበት ከእጄ ተነጠቀ» ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። በሬ ነው ብለው ፈረዱ። ሥራ ላይ ሞተ። ዕዳ የለበትም። ጎረቤታሞች ናችሁ፣ አውፍ ተባባሉ፣ ይቅር በሉ አሉን፤ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ከፈቱ።

«እኔ አውፍ አላልኩም» አልኩና ዱዓው ሳይደረግ ወጣሁ። «ግትር!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። የተከተለኝ ሰው የለም።

ባለቤቴ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀኛለች።

«ምን ፈረዱ?»

«በሬ ነው አሉ።»

«እኔስ ምን ነኝ አሉ?»

«ስላንቺ የተነሣ ነገር የለም።»

«እንግዲያ ነገ ሂድና ስሙን ንገራት» አለችኝ። «ሰረቀኝ በል። እሱ ምሎ የለ? አንተም ዋሽ።»

ሄድኩ። የሲሚንቶው ዝሆን ላይ ልጆች ተንጠላጥለዋል። ከአጥሩ ባሻገር መንገዱ ይታየኛል፤ ውሃው አፉ ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ልጅቱ ስታየኝ እስክሪብቶ አነሣች።

«መጡ አባባ? ማን ልበል?»

ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ከምላሴ ልትወርድ ስትል ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ባለቤቴ ከኔ በፊት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ያን ቀን ጥሪ የሚያስነግረው ማነው? ቆፋሪ የሚመድበው፣ ድንኳን የሚያስተክለው፣ ቃሬዛውን አንሡ የሚለው ማነው? እሱ ነው። የቅሬን ሰው ለውጭ ሰው አሳልፎ የሰጠ፣ ያውም ቅሬው በቃ ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ ይወገዛል። የተወገዘ ሰው ሬሳ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። የአንዱ እናት ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ቤት ውስጥ ተጋድማ፣ ሰው በደጁ እያለፈ ማንም ሳይገባ፣ ከሩቅ የመጡ አማቾቿ ናቸው የቀበሯት።

«ስሙን አውቀዋለሁ» አልኳት ልጅቱን። «አልነግርሽም።»

«ለሱ አዝነው ነው?»

«ለሱ? ለሱስ መሬት አትቀበለው።»

ምን እንዳልኩ አልገባትም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ አልነበረም፤ ግን ይገባታል ብዬ ነበር።

«ለሬሳዬ አሰብክልኝ» አለች። «በሕይወት ላለሁትስ?»



ጁምዓ ሲሆን ልጃችን ደወለች። ሁልጊዜ ከሐይቁ ዳር ፎቶ እንድንልክላት ትጠብቃለች። «ዛሬ አልወረዳችሁም?» ስትለኝ «ዝናብ ነው» አልኳት። ባለቤቴ ከጀርባዬ ጮክ ብላ፣ «ዝናብ የለም! አባትሽ ዋሽ ሲሉት እንቢ ብሎ አሁን ይዋሻል!» አለች።

ሠርጉ ደረሰ። የቅሬ አባል ነኝና ቀረሁ አይባልም፤ ለጎረቤቴ ሠርግ እንጨት ፈለጥኩ፣ ድንኳን ተከልኩ። ሙሽሮቹን ፎቶ ሊያስነሣ ወደ መዝናኛው ሲወስዳቸው ከደረት ኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ለአማቱ ሲያሳየው አየሁ። የራሱን የዓመት ካርድ አውጥቶ ኖሯል። ፎቶው አምሮለታል።

በተከታዩ ጁምዓ ከሶላት ስመለስ ባጃጅ አልጠራሁም። ጀሪካን ይዤ በኛ በኩል ባለው ዳር ገባሁ። ደንገሉን በማጭድ እየከፈትኩ፣ እስከ ጭኔ ጭቃ እየዋጠኝ፣ ጥሩው ውሃ እስካለበት ድረስ ዘለቅሁ። እዚያ የቆምኩ እንደሆን አጥሩ ይታያል፤ የልጆቹም ጫጫታ ይሰማል። ሞልቼ ተሸክሜ መጣሁ። ሳፋ አቀረብኩ። ጫማዋን አወለቅሁላት። ሁለቱንም እግሯን አስገባሁና ውሃውን ቀስ ብዬ አፈሰስኩበት።

«ከየት ቀዳኸው?» አለችኝ።

«ከሐይቁ። ከራሱ።»

የደረቀ ጭቃ የጋገረውን ቁምጣዬን አየች። ከዚያ ሳፋውን አየች።

«ሐይቁን አመጣሁልሽ ልትለኝ ነው?»

«አዎ።»

«ይኼ ጀሪካን ነው» አለች።

ጎንበስ ብዬ ቀኝ እግሯን በመዳፌ ያዝኩ። «ይሰማሻል?» አልኳት።

«አይሰማኝም።» ቀጠል አድርጋ፣ «ግራውም አይሰማኝም» አለች።

ግራው ደኅናው እግሯ ነው።